ሙሉቀን የተወው፣ እኔ የቀማሁት

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ድምፃዊ ሙሉቀን መለሰ በአሜሪካ ማረፉ የተሰማ ዕለት ስልኬ በማለዳ ጮኸ። የደወሉት ሰርቦ ያሉት አባቴ ነበሩ። እንደ ልማዳቸው ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን አልጠየቁኝም።

«ሰማህ?» አሉኝ።

«ሰማሁ አባባ።»

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ዝም አልን። በመጨረሻ «ያቺ ካሴት አለች እኮ። ስትመጣ እንሰማታለን» ብለው ዘጉት።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ ስለ ሙሉቀን መለሰ አልበሞችና እነርሱን ስለሚወዱ ሰዎች ነው። ከዚያም ጋር በቅንዓት ስም በገዛ አባቴ ላይ ስለ ፈጸምኩት፣ ለሠላሳ ዓመትም ይቅርታ ሳልጠይቅበት ስለ ቆየሁ ነገር ነው። የእኔን ስሕተት በቤቱ የሚያውቅ ሰው ብዙ እንደሚሆን ስለማስብ ልጽፈው ወደድኩ።

ካሴቶቹ ወደ ሰርቦ እንዴት መጡ?

ሰርቦ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሲኬድ፣ ጅማ ለመግባት ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የምትገኝ የቀርሳ ወረዳ ከተማ ናት። ቡና በሚለቀምበት ወራት ግቢው ሁሉ ጀንፈል ይሰጣበታል፤ አየሩም እርሱን እርሱን ይሸታል። አባቴ በአንድ የቡና ነጋዴ ዘንድ ሚዛን ያዥ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ጆንያ እየመዘኑ፣ ቁጥር እየጠሩ ውለው ማታ ሲገቡ ሌላ ቃል አይወጣቸውም ነበር።

ካሴት ወደ እኛ የሚመጣው በሾፌሮች እጅ ነው። ቡና ጭነው አዲስ አበባ የሄዱት ሲመለሱ ከመርካቶ አዲስ የወጣውን ይዘው ይመጣሉ። ያኔ ቴፕ ያለው ቤት ጥቂት ስለ ነበር አንድ ካሴት ለብዙ ጎረቤት ይበቃል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ኦሮምኛ ተናጋሪውም አማርኛ ተናጋሪውም በአንድ ቡና ላይ ተቀምጦ ሙሉቀንን ይሰማ ነበር። አማርኛው በደንብ የማይገባቸው ጎረቤታችን እንኳ ቃሉን ትተው ድምፁን ይከተሉ ነበር። ሰውየው ሲዘፍን የሚያለቅስ ይመስላል፣ ግን ቁጭ ብዬ ልሰማው ስል እግሬ አልቀመጥ ይለኛል እያሉ ይስቁ ነበር።

እናቴም ይህን ድምፅ ትወድ ነበር። ቡና እየቆላች ከእርሱ ጋር በቀስታ ታንጎራጉራለች። አባቴ እርሷን ባገቡ በ1968 ዓ.ም. ከጅማ ከተማ ገዝተው ያመጡላት አንድ የሙሉቀን ካሴት ነበረች። እናቴ በ1979 ዓ.ም. ስታርፍ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ወዳጆቹ በእርሱ ውስጥ የሚሰሙት

የሙሉቀንን ሕይወት የሚያውቅ ሰው በድምፁ ውስጥ ያለው ኀዘን ከየት እንደ መጣ አይጠፋውም። ጎጃም ተወለደ፤ እናቱን በልጅነቱ አጣ፤ ከአጎቱ ጋር አዲስ አበባ መጥቶ አደገ። ገና የአሥራ ሁለት፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ በፖሊስ ኦርኬስትራ መድረክ ላይ ቆመ። ድራም መምታትም ያውቅ ነበርና ዜማውን ከምቱ ጋር የሚያስማማበት መንገድ የራሱ ነው። ቃሉን ትንሽ ያዘገየዋል፣ አድማጩ ሊያመልጠው ነው ሲል ደርሶ ይይዘዋል።

ወዳጆቹ ስለ አልበሞቹ ሲጨዋወቱ በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ያስቀድማሉ። አምሃ እሸቴ የራሱን የሸክላ ኩባንያ ካቋቋመ በኋላ ሙሉቀን እ.ኤ.አ. በ1972 «ሄደች አሉ»ን እና «ወተቴ ማሬ»ን አስቀዳ። ገና የወጣትነት ጥራት ያለው፣ ቀጭን፣ ከፍ ሲል የሚሰበር የሚመስል ድምፅ ነው። ስትሄድ ያላያት፣ መሄዷን ከሰው አፍ የሰማ ሰው ምን እንደሚሆን ለማወቅ የመጀመሪያውን ሸክላ መስማት ይበቃል ይላሉ።

ሌሎቹ ደግሞ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራቸውን ይመርጣሉ። በዚያን ጊዜ ድምፁ በስሏል። ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ይጠይቁታል፣ እርሱ ይመልሳል፤ ኦርጋኑ ከበስተ ኋላ እንደ ጭስ ይከተለዋል። ግጥሞቹን ከጻፉለት መካከል አንዷ ዓለምፀሐይ ወዳጆ ናት። ሰው በአደባባይ የማይናገረውን ናፍቆት ቀለል ባለ የቤት ቋንቋ ስላስቀመጠችው የሰርቦው ሚዛን ያዥም የራሱ ቃል አድርጎ ይወስደው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሲዲ የዚያን ዘመን ሥራዎች ሲያሳትም፣ ቋንቋችንን የማያውቁ የውጭ ሰዎችም ከሙሉቀን ድምፅ ጋር ተዋወቁ። የጎረቤታችን ነገር በእነርሱም ላይ ደረሰ፤ ቃሉን ሳያውቁ ኀዘኑን አወቁት።

እኔ ከሁለቱ ወገን የትኛው እንደሚሻል አልፈርድም። ሆኖም ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር አለ። ሙሉቀን ሲያዝን አይጮኽም። የሚያዝን ሰው አጠገብ እንደ ተቀመጠ ወዳጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አብሮ ይቆያል።

ሙሉቀን ሲተወው

ሙሉቀን ጌታን የተቀበለው ዝናው ገና ባልቀነሰበት ጊዜ ነው። ዘመኑም ጌታን መቀበል የሚያስከብርበት ዘመን አልነበረም። በደርግ ጊዜ ብዙ የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር፤ ምእመናን በየቤቱ በድብቅ ይሰበሰቡ፣ ይታሰሩም ነበር። በዚህ ሁኔታ እርሱ የዘፈኑን ዓለም ትቶ አማኝ ሆነ፤ በኋላም ኑሮውን በአሜሪካ አደረገ። ወዳጆቹ እስከ መጨረሻው ይመለሳል ብለው ቢጠብቁትም ወደ ዘፈን መድረክ አልተመለሰም። ሐዋርያው ጳውሎስ ትርፉ የነበረውን ሁሉ ስለ ክርስቶስ እንደ ጉዳት እንደ ቆጠረው (ፊልጵ. 3፥7-8)፣ ለእርሱም ይህ ውሳኔ ብዙ እንዳስከፈለው መገመት አያዳግትም። በ2015 ዓ.ም. ያረፈችው ሂሩት በቀለም በተመሳሳይ መንገድ ሄዳለች። በፖሊስ ኦርኬስትራ የታወቀው ድምፅዋ በኋለኛው ዘመኗ ጌታን አመስግኖበታል።

የሙሉቀንን መስዋዕት ሳስብ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ካሴቶቹን ከማንም ቤት አልሰበሰበም። የራሱን ሕይወት ነው ያቀረበው።

እኔ ግን ይህን ያኔ አላስተዋልኩም።

ቅንዓቴ

ጌታን ያገኘሁት በ1986 ዓ.ም. ነው፣ ጅማ ተከራይቼ ስማር። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነበር። አብያተ ክርስቲያናት ተከፍተው ወጣቱ በየቦታው የሚዘምርበት፣ የሚጾምበት፣ በየመንገዱ የሚመሰክርበት ጊዜ ነው። ያን የመጀመሪያ ፍቅር ዛሬም ጌታ ቢመልስልኝ እላለሁ። ሆኖም ከፍቅሩ ጋር ያልበሰለ ነገርም ነበረብኝ።

አባቴ ያን ጊዜ ይጠጡ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ማታ ማታ አረቄያቸውን ይዘው ቴፑን ከፍተው ይቀመጣሉ። ሙሉቀን ይዘፍናል፣ አባቴ ይጠጣሉ። እኔም ካሴቱና ጠርሙሱ አንድ ናቸው ብዬ ደመደምኩ። የኤፌሶን አማኞች የአስማት መጻሕፍታቸውን ማቃጠላቸውን (ሐዋ. 19፥19) በስብከት ሰምቼ ነበርና ለመጽሐፍ ቅዱሳዊ ማስረጃ አልተቸገርኩም። እነዚያ አማኞች ያቃጠሉት የራሳቸውን መጻሕፍት እንደ ነበር ግን ልብ አላልኩም።

ለማቃጠል አልደፈርኩም። ሌላ ዘዴ አገኘሁ። ካሴት የተጫወተበት ትውልድ ያስታውሳል፤ የታተመ ካሴት እንዳይቀዳበት ከላይ በኩል ያሉት ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ክፍት ናቸው። ቀዳዳዎቹ በወረቀት ከተደፈኑ ቴፑ ይቀዳበታል። የገና ዕረፍት ላይ አባቴ ሥራ በዋሉበት ሰባቱንም ካሴቶች ደፍኜ የወጣቶች መዘምራናችንን መዝሙር በላያቸው ላይ ቀዳሁባቸው። ከሰባቱ አንዷ የእናቴ ካሴት ነበረች።

ማታ አባቴ ቴፑን ከፈቱ። የእኛ መዝሙር ወጣ። ካሴቱን አገላብጠው አዩት፣ ሌላ ከተቱ፣ ያው ነው። እኔም ተዘጋጅቼ ነበርና «አባባ፣ ሙሉቀን ራሱ እኮ ትቶታል፤ ጌታን ተቀብሏል» አልኳቸው። አልተቆጡም፣ አልመቱኝም። ቴፑን ዘግተው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ከዚያች ማታ በኋላ ቤታችን ውስጥ ዘፈን አልተሰማም። እኔም አሸነፍኩ ብዬ ለጓደኞቼ መሰከርኩ።

መጠጡ ግን አልቀረም። ቤት ውስጥ የሚሰሙት ሲያጡ አረቄ ቤት መሄድ ጀመሩ። ቀድሞ ከእኛ ጋር ተቀምጠው የሚጠጡት ሰው አሁን ከሌሊቱ አራት ሰዓት በፊት አይገቡም ነበር። እኔ የወሰድኩት ጠርሙሱን አልነበረም። ወንድ ልጅ አያለቅስም በሚባልበት አገር ለሚስታቸው የሚያለቅሱበትን ብቸኛ ቦታ ነበር የወሰድኩባቸው።

አራት ደቂቃ

ጌታ ግን ከእኛ ስሕተት ይበልጣል። መዘምራናችን የቀዱት መዝሙር ከካሴቱ አንድ ገጽ ያጥር ነበር። የካሴቱ ገጽ ሠላሳ ደቂቃ ሲሆን የእኛ መዝሙር ሃያ ስድስት ደቂቃ ያህል ነው። በእናቴ ካሴት መጨረሻ ላይ አራት ደቂቃ የምትሆን የሙሉቀን ድምፅ ሳትጠፋ ቀርታ ነበር። እኔ ይህን አላወቅኩም። አባቴ አገኟት።

አባቴ በ1993 ዓ.ም. ጌታን ተቀብለው ሲጠመቁ በምእመናን ፊት ምስክርነት ሰጡ። የዚያች ካሴት ነገር የተሰማው ያን ቀን ነው። «ልጄ ዘፈኔን አጠፋብኝ። መጨረሻ ላይ ግን ትንሽ ቀርታ ነበር። እሷን ለመስማት ብዬ መዝሙሩን ሁሉ ከመጀመሪያው እሰማ ነበር። ካሴት አጣድፌ ማሳለፍ ትቼ ነበር፤ ክሩ እንዳይበጠስብኝ ፈርቼ። ስንት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስሰማ፣ አንድ ቀን ለመዝሙሩ ብዬ ስከፍት ራሴን አገኘሁት» አሉ። ምእመናን ሳቁ፣ እልል አሉ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ነገሩ በሳቅ አለፈ። አባቴ ከአረቄ ወጡ፤ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይም ሆኑ። እኔም እግዚአብሔር ለበጎ ካደረገው ምን አለብኝ ብዬ ተውኩት። ዮሴፍ ወንድሞቹን ክፉ አስባችሁብኝ ነበር፣ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው ማለቱ (ዘፍ. 50፥20) የዮሴፍ ቃል ነው። ወንድሞቹ ስለ ራሳቸው ሊሉት አይገባም። እኔ ግን የዮሴፍን ቃል ወስጄ ከወንድሞቹ ወገን ሆኜ ተናገርኩት።

ለኀዘን የሚሆን ስፍራ

ከዚያ ወዲህ ቃሉን ሳነብ የማየው ነገር አለ። ከ150ዎቹ የዳዊት መዝሙራት ሲሶ የሚያህሉት የኀዘንና የልመና መዝሙራት ናቸው። መዝሙር 88 እንዲያውም በጨለማ ተጀምሮ በጨለማ ያልቃል፤ የምስጋና መደምደሚያ እንኳ የለውም። ሰቆቃወ ኤርምያስ የሚባል ሙሉ መጽሐፍ አለን። ጌታችንም አልዓዛርን ሊያስነሣው እያወቀ አልቅሷል (ዮሐ. 11፥35)። እግዚአብሔር ኀዘንን ቶሎ የሚያባርር አምላክ አይደለም።

የእኛው መዝሙር ታሪክም ይህን ያውቃል። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ያህል ታስሯል። ከዚያ መከራ መካከል የወጡት መዝሙሮቹ በመላ አገሪቱ በካሴት እየተባዙ ለታሰሩትም ላልታሰሩትም መጽናኛ ሆነዋል። ኀዘን የሌለበት መዝሙር ያዘነን ሰው አያጽናናም። እኛ ወጣቶቹ በ1986 የቀዳነው መዝሙር ሁሉ ግን የድልና የጭብጨባ ነበር። ሚስቱን የቀበረ ሰው በመዝሙራችን ውስጥ የሚቀመጥበት ወንበር አልነበረውም። ወንበሩን ያገኘው በሙሉቀን ካሴት ነው።

ይህን ስል ዘፈንና መዝሙር አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። አይደሉም። ዘፈን ኀዘንን ያሳያል፣ ያካፍላል፣ ኀዘኑን የሚሸከመውን ጌታ ግን አያሳይም። ሙሉቀን ራሱ ከዚያ ያለፈ ነገር ፈልጎ እንዳገኘ ሕይወቱ ይመሰክራል። ሆኖም ጳውሎስ በአቴና ሲሰብክ ከግሪኮች ባለቅኔዎች ቃል እንደ ጠቀሰ (ሐዋ. 17፥28) ልናስታውስ ይገባል። የሰዎቹን ናፍቆት አላፌዘበትም። የሚናፍቁት ማን እንደ ሆነ ነገራቸው።

በቤታችሁ

ይህን ጉዳይ በቤታቸው የያዙ ወላጆችና ልጆች ብዙ ናቸው። ከራሴ ስሕተት የተማርኩትን ላካፍል።

አንደኛ፣ መተው የራስ ስጦታ ነው። ሙሉቀን ትቶ ሄደ፣ ጌታም ተቀበለው። እኔ ግን ሌላ ሰው ያልሰጠውን ቀምቼ ለጌታ አቀረብኩ። የሰውን ንብረት መስዋዕት ማድረግ አይቻልም። ዳዊት እንኳ ያለ ዋጋ ያገኘሁትን አላቀርብም ብሎ ዐውድማውን በገንዘቡ ገዛ (2ሳሙ. 24፥24)።

ሁለተኛ፣ አንድን ነገር ከቤታችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ባለቤቱ በእርሱ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ። እኔ አባቴን አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ስለ እናቴ ይነግሩኝ ነበር። ስለ እርሷ ከአባቴ ጋር የተነጋገርኩት አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው።

ሦስተኛ፣ ሕሊናችሁ የሚከለክላችሁን አትስሙ። ዘፈኑ ወደ መጠጥ፣ ወደ ቀድሞ ኑሮ የሚጎትተው ወንድም በድፍረት እንዲሰማ አንገፋፋው፤ ሮሜ 14 የተጻፈው ለዚህ ነው። የሚሰማውም የማይሰማውን አይናቅ፣ የማይሰማውም በሚሰማው ላይ አይፍረድ።

አራተኛ፣ በደላችሁ በበጎ ቢያልቅም ይቅርታ ጠይቁ።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. ሰርቦ ሄድኩ። አባቴ ሰባ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቴፑ ግን ዛሬም ይሠራል። ጎረቤታችንም መጥተው ነበር፤ ቡና ተፈላ። ካሴቷን ከፈትን። ሃያ ስድስት ደቂቃ ሙሉ የወጣትነት ድምፃችንን፣ የእኔንም ጨምሮ፣ ያለ ዜማ የሚጮኸውን ሁሉ ሰማን። አባቴ ቃሉን በቃሉ ይዘውታል። ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ፤ ከመካከሉ የተቆረጠ ዘፈን ቀጠለ። ሙሉቀን ነበር። ጎረቤታችን ዓይናቸውን ጨፈኑ። አባቴ ሲኒያቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

አራቱ ደቂቃ አለቀና ቴፑ ራሱ ቆመ። ያን ጊዜ «አባባ፣ በ1986 ስላደረግኩት ይቅር ይበሉኝ። የእማዬን ካሴት አጠፋሁብዎ» አልኳቸው።

ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ። «ድምፅህ እኮ አለበት» አሉኝ ቀስ ብለው። «ያኔ ልጅ ነበርክ። ጅማ ስትሆን ትናፍቀኝ ነበር፤ አንተንም በእሷ ነው የምሰማህ።» ከዚያም ካሴቷን አውጥተው በልባሱ ውስጥ መልሰው «በል ጸልይ» አሉኝ።

ጸለይኩ። በዚያ ቤት ውስጥ የእናቴን ስም በጸሎት ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር።